ለሙት ዓመት የታሰረችው ባዝራ

ኖቮሲቢርስክ፣ ጥቅምት 22

ለውድ ታናሽ ወንድሜ ለቃልማት እና ለምራታችን ለቡርማካን፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ እናንተን፣ ከብታችሁንና የምድጃችሁን እሳት ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚያው ለከተማው ቤቶች ሙቅ ውሃ በቧንቧ የሚልከው ማሞቂያ ቤት ከሰል ወደ እሳት እያስገባሁ እውላለሁ። ውጭው ከአሁኑ ጆሮ ይቆርጣል፣ እኔ ግን በካኒቴራ ነው የምሠራው።

የምጽፍላችሁ ስለ አባታችን ሙት ዓመት ነው። ግንቦት ሲመጣ ይሞላል። ቃልማት፣ ታስታውሳለህ፤ የሞቱ ወሬ ደርሶኝ መንገድ ስጀምር እሱ ተቀብሮ ነበር። እንደ ልጅ አንድ እፍኝ አፈር አላለበስኩትም። ሰው ሁሉ "የበኩር ልጁ የታለ?" እያለ ሲጠይቅህ አንገትህን ደፍተህ መቆምህንም ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሙት ዓመቱ በወጉ መውጣት አለበት።

ለድግሱ የምናርዳትን ቡላዋን ባዝራ ከአሁኑ ጋጣ አስገባት። ጠዋትና ማታ ገብስ፣ በመሀሉ የድርቆሹን ደህና ደህናውን ስጣት። ጀርባዋን ብርድ እንዳይነካው አልብሳት። እንዳትጋለብ፣ ከደጅም እንዳትወጣ። ሰው ለሙት ዓመት ሲመጣ ጣቱን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለህ፤ የጎድኗን ስብ ሳይለካ አይቀመጥም። የቹኩር ልጆች ለአባታቸው ያረዱት ፈረስ ስቡ ሦስት ጣት ብቻ ሆኖ ይኸው እስከ ዛሬ "ሦስት ጣቶቹ መጡ" እየተባሉ ነው ገበያ የሚወጡት። የእኛ አባት ከአራት ጣት በታች አይገባውም።

ዘንድሮ ድርቆሹ እንዴት ነው? በጎቹስ? ጻፉልኝ።

ናፋቂያችሁ ኢሳቤክ

ቃራቆዩን፣ ኅዳር 15

ለተከበሩ ታላቅ ዋርሳዬ፣

አላህ እድሜና ጤና ይስጥዎ፣ በሰው አገር ሞገስ ይሁንዎ። ምራት ሆኜ ስምዎን መጥራት ስለማይገባኝ ፖስታው ላይ የጻፈልኝ የጭነት መኪና ሾፌሩ ቱራር ነው። የእጅ ጽሑፉ ካስጠላዎት እሱን ይቆጡት። የወንድምዎንም ስም አልጽፍም፣ ማን እንደሆነ እርስዎ አያጡትም። "እስክሪብቶ ከምይዝ ድንጋይ ብሸከም ይሻለኛል" ስለሚል እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

"ሁሉም ደህና ነው በይ" ይላል። ሁሉም ደህና ነው። "ባዝራዋ ገብታለች በይ" ይላል። ገብታለች። ስዳር ከእናቴ ቤት ያመጣሁትን ምንጣፍ ለብሳ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች። ጋጣዋ ከበጎቹ ጉረኖ ጋር አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ፣ ገብሷን ስትቆረጥም ከማዶ ያሉት በጎች ሁሉ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

አሁን እሱ ውሃ ሊያመጣ ወጥቷል። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው።

በጋው ደርቆብን ነበር። የጋራ እርሻው ኮልሆዙ ከፈረሰ ወዲህ ለሸለቆው ሁሉ የቀረችው አንዲት የማጨጃ መኪና ናት። ተራችን እስኪደርስ ሳሩ አገዳ ብቻ ሆነ፤ ካጨድነው በኋላ ደግሞ ዝናብ መታውና ጠቆረ። ሆድ ይሞላ እንደሆነ እንጂ ሥጋ የሚሆን አይደለም። እሱም ቢሆን የአምናውን ግማሽ አይሆንም፤ ከዚያው ውስጥ ደህና ደህናው ለባዝራዋ እየተመረጠ ነው። በጎቹ አብዛኞቹ አርግዘዋል። የዘንድሮው አውራ በግ ጎበዝ ስለነበር መንታ ይበዛል ብለን ደስ ብሎን ነበር። አሁን ግን ያ ደስታ ያሳስበኛል።

ደግሞ አባታችን በሕይወት ሳሉ በረዶ ሲጥል ፈረሶቹን ፊት ፊት ይነዱ እንደነበር ያውቃሉ። ፈረሶቹ በኮቴያቸው ጭረው ሳሩን ሲያወጡት በጎቹ ከኋላ ተከትለው ይግጣሉ። ያኔ ፈረሶች ነበሩን። ዛሬ የቀሩን ባዝራዋና ያ ሽማግሌው ግራጫ ብቻ ናቸው።

አንዳንድ ቤት ዘንድሮ ሙት ዓመት በወይፈን አወጣ ይባላል። እንዲያው ሰማሁ ለማለት ያህል ነው።

ታዛዥዎ የቤቱ ምራት

ኖቮሲቢርስክ፣ ታኅሣሥ 12

ለቃልማት እና ለቡርማካን፣

ሰላማችሁ ይብዛ፣ ቤታችሁን ክፉ አይንካው። የኅዳሩ ደብዳቤ ደርሶኛል። ቡርማካን፣ ያ የወይፈን ነገር እህል አላስበላኝም። ዕድሜውን ሙሉ ከፈረስ ያልወረደ ሰው በወይፈን ይሸኝ? ሌላው ያድርገው። በእኛ ቤት እንዳይነሳ።

ስለ በጎቹ ይህን ያህል አትጨነቁ። በግ ለብርድ የተፈጠረ ነው፤ ብርድ ልብሱን ለብሶ ነው የሚወለደው። አባታችን ከዚህ የባሰ ስንት ዓመት አሳልፏል። ድርቆሹን ቆጥባችሁ ስጡ፣ ቀን ቀን ደግሞ ይሰማሩ።

አንድ ነገር ግን ፈርቻለሁ። ቃልማት ባዝራዋን አውጥቶ በረዶ ያስጭራት ይሆናል። እንዳታደርገው። በረዶ የምትጭር ፈረስ በሳምንት አንድ ጣት ስብ ትጥላለች፣ የአንድ ወር ገብስ ገደል ገባ ማለት ነው። ግራጫውን ይዘህ ውጣ፣ ይበቃል። ይህን እኔ ሳላዝህ እንዳትለውጥ። ታላቅህ ነኝ፤ አባት በሌለበት ቃሉ የእኔ ነው።

እዚህ ብርዱ ከብዷል። ትናንት አንድ ቧንቧ ፈንድቶ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ካፖርት ለብሶ አደረ። አለቃችን በእኛ ላይ ጮኸ።

ወንድማችሁ ኢሳቤክ

ቃራቆዩን፣ ጥር 9

ለተከበሩ ታላቅ ዋርሳዬ፣

አላህ ሙቀት አይንፈግዎ። የእኛን ሙቀት ወስዶታልና ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ጥቂት ቀን ፀሐይ ወጣችና የበረዶው ላይኛ ፊት ቀለጠ። እኛ ሞኞቹ ደስ ብሎን ምንጣፍ አራገፍን። ከዚያ ብርዱ ተመለሰና የቀለጠው ሁሉ ግግር በረዶ ሆነ። አሁን ሜዳው ጠንካራ ቅርፊት ለብሷል። ሳሩ ከሥር ይታያል፣ የሚደርስበት ግን የለም። በጎቹ ቅርፊቱን ለመስበር ሲታገሉ አፍንጫቸውና ቅልጥማቸው ይቆረጣል፤ ማታ ሲገቡ ፊታቸው ደም ነው። ግራጫው ፈረስ ተንሸራቶ እግሩን ስለተጎዳ እቤት ቀርቷል። ወንድምዎ በየቀኑ መጥረቢያና አካፋ ይዞ ወጥቶ በረዶ ይፈልጣል። አንድ ሰው በአካፋ ስንት በግ ያበላል?

ብርድ ብቻውን በግ አይገድልም፣ ይህን እርስዎም ያውቁታል። የበላ በግ ብርዱን ይችለዋል። እነዚህ ግን ውስጣቸው የሚነድ ነገር የለም። ጥቅምት ላይ እጄን ይሞላ የነበረው ላታቸው ዛሬ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ጀርባቸውን ስዳስስ አጥንቱ በጸጉሩ መሀል ያገኘኛል፤ ጸጉሩም ሳብ ሲያደርጉት እጅ ላይ ይቀራል። መንታ የያዙት ከሁሉም ብሰዋል።

ባዝራዋ ኮቴዋ ጠንካራ ነው። ለጥቂት ጊዜ ብትወጣ ቅርፊቱን ትሰብረው ነበር። ለወንድምዎ ብነግረው "ጋሼ ሳያዘኝ አላደርገውም" አለ። ተቆጣሁት፣ እሱም ተቆጣኝ፤ ከዚያ ወጥቶ አካፋውን አነሳ። እኔ ሚስት ነኝ፣ ቃሌ ከበር አያልፍም። እርስዎ ይጻፉለት። አንድ መስመር ይበቃዋል።

ታዛዥዎ የቤቱ ምራት

ኖቮሲቢርስክ፣ ጥር 21

ለውድ ቃልማት እና ቡርማካን፣

አሰላሙ አለይኩም። ከታኅሣሥ ወዲህ ወሬያችሁ ጠፍቶብኛል። ዝምታው የደህና ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ለድግሱ ስኳር፣ ሻይና ለሽማግሌዎች የሚሰጥ ጨርቅ ገዝቼ በዘመድ በኩል ለቱራር ልኬለታለሁ። ስኳሩ ጥሩው፣ ድፍኑ፣ እየተሰበረ የሚቀርበው ዓይነት ነው። ከእርጥበት ጠብቁት። አለቃዬንም ለግንቦት ፈቃድ ጠይቄው "እናያለን" ብሎኛል። እሱ "እናያለን" ካለ እሺ ማለት ነው። የምገባው በእግሬ ከመንገዱ ጀምሮ እያለቀስኩ ነው፣ ልክ እንደ ወጉ። ያልደረስኩበትን ለቅሶ ያኔ አለቅሰዋለሁ።

ባዝራዋ ስንት ጣት ደረሰች? ጎድኗን ዳስሳችሁ ጻፉልኝ። እንዳታወጧት፣ አደራ። በጎቹ መንታ ከወለዱ ደግሞ አንድ ጥቁር ግልገል በእኔ ስም ይቀመጥልኝ። ስመጣ ላየው እፈልጋለሁ።

ናፋቂያችሁ ኢሳቤክ

ቃራቆዩን፣ የካቲት 20

ለተከበሩ ታላቅ ዋርሳዬ፣

አላህ ይጠብቅዎ። የጥር ወሩ ደብዳቤዬ ከመደርደሪያው አልወረደም። መንገዱ ተዘግቶ ቱራር አልመጣም ነበር። ከቀናት በፊት የእርስዎን ዕቃና ደብዳቤ፣ እንዲሁም የእንስሳት ሐኪሙን ሳግንን ይዞ ደረሰ። ሲመለስ ሁለቱንም ደብዳቤዎቼን ይወስዳል፤ አንድ ላይ ያነቧቸዋል።

በጎቹ እየወደቁ ነው። አንዷ መጀመሪያ ከመንጋው ትለያለች። ጥግ ይዛ፣ ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ትቆማለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች። ዓይኗ ክፍት ነው ግን አያይም፤ እጄን ፊቷ ላይ ባወዛውዝ አትጨፍንም። ትንፋሿ የበሰበሰ ፖም ይሸታል። ከዚያ ትተኛለች፣ በቃ አትነሳም። የሚወድቁት ደግሞ ሆዳቸው ትልልቅ የሆነው፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ናቸው።

ወንድምዎ ወረርሽኝ መስሎት ለይቶ አሰራቸው፣ ጉረኖውን በጥድ አጠነው። ሳግን መጥቶ አንዷን ከፍቶ አየና እጁን በበረዶ እየታጠበ "በሽታ አይደለም፣ ረሃብ ነው" አለ። "መንታዎቹ ከውስጥ እናታቸውን እየበሏት ነው። ላቷን ጨረሱ፣ አሁን ጉበቷ ላይ ናቸው። የቆሙትን ለማዳን ገብስ ያስፈልጋል። ገብስ አላችሁ?"

ግድግዳው ማዶ ባዝራዋ ትቆረጥማለች።

"ይሰማኛል እኮ" አለ ሳግን።

"እሱ የአባቴ ነው" አለው ወንድምዎ።

"አባትህን አውቀው ነበር፣ እሱ ቢሆን..."

"ጋሼን ልጠይቅ።"

"ኖቮሲቢርስክ ያለውን ጋሼህን? በግህ እስከዚያ ትጠብቅሃለች?"

ሳግንም ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

ይቅርታዎን የምለምንበት ነገር አለ። ለድግሱ የላኩትን ስኳር እየሰበርኩ፣ በሙቅ ውሃ እየበጠበጥኩ ለወደቁት አጠጣሁ። አንዳንዶቹ ተነሱ። ሌላም አለ። ጎህ ሳይቀድ ከባዝራዋ ጆንያ ገብስ እየዘገንኩ በቀሚሴ ለበጎቹ እወስዳለሁ። ትናንት ወንድምዎ በር ላይ አገኘኝ። ቀሚሴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እስካልፍ ቆመ። ከዚህ የበለጠ ማድረግ አይችልም። ይህን ሰው እኔ አውቀዋለሁ፣ እርስዎም ያውቁታል።

በአላህ ይሁንብዎ፣ አንድ ቃል ይጻፉለት።

ታዛዥዎ የቤቱ ምራት

ኖቮሲቢርስክ፣ መጋቢት 11

ቃልማት፣ ወንድሜ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎች ዛሬ ደረሱኝ። ሰላምታውን ተወው።

ገብሱን ስጣቸው፣ ሁሉንም። ባዝራዋን አውጣት፣ በረዶውን ትጫር። ድርቆሷንም ለበጎቹ አድርገው። ከሳች ብለህ እንዳታዝን፤ ሙት ዓመቱን በወይፈን፣ ካስፈለገም በሻይ እናወጣዋለን። እኔ ነኝ ያዘዝኩህ። ቡርማካን ይህን ጮክ ብላ ታንብብልህ።

ቡርማካን፣ ስኳሩን እንኳን አጠጣሻቸው። የሰረቅሽውም ገብስ የተባረከ ይሁን። እዚህ እኔ ቀኑን ሙሉ እሳት አበላለሁ። ከሰሉ ካነሰ ምድጃው እንደሚበርድ፣ ምድጃው ከበረደ ቧንቧው እንደሚፈነዳ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። በግም እንደዚያው መሆኑን ከአንቺ መማር አልነበረብኝም፣ እዚያው ጉረኖ ውስጥ ነው ያደግሁት። እያወቅሁ ነው የከለከልኩት። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሌላም ልንገርሽ። አራት ጣቱ ለአባቴ አልነበረም። እሱ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ይስቅ ነበር። ለቀብር አለመድረሴን ሰው በስቡ እንዲረሳልኝ ብዬ ነው።

ምን ያህል እንደተረፉ ጻፉልኝ። ቃልማት፣ አንድ ጊዜ እንኳ በራስህ እጅ ጻፍልኝ። ብትሰድበኝም ደስ ይለኛል።

ኢሳቤክ

ኖቮሲቢርስክ፣ ሚያዝያ 16

ለቃልማት እና ለቡርማካን፣

አላህ ያጽናናችሁ፣ እኔንም ይቅር ይበለኝ።

ምንም አልጻፋችሁልኝም። ያለፈው ዝምታችሁ የደህና መስሎኝ ነበር፤ ይህኛው ምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ለሙት ዓመቱ አልመጣም። አለቃዬ ከለከለኝ ብዬ ልጽፍ ወረቀት አውጥቼ ነበር። አልከለከለኝም፣ ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ ነው። በየትኛው ፊቴ ጉረኖው አጠገብ አልፌ እገባለሁ? አፍሬያለሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰው ሲጠይቃችሁ ያሻችሁን በሉ።

ኢሳቤክ

ቃራቆዩን፣ ግንቦት 25

ለተከበሩ ታላቅ ዋርሳዬ፣

አላህ ልብዎን ያሳርፈው። ቆይቶ የመጣ ደብዳቤ ነውና ይቅር ይበሉኝ። የሚጻፍ አጥቼ ሳይሆን እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

የመጋቢቱ ደብዳቤዎ የገባው ቱራር ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲመጣ ነው። በጎቹ ወልደው ጨርሰው ነበር። ወንድምዎ ደጋግሞ አስነበበኝ።

"ገብሱን ስጥ ይላል?"

"ይላል።"

"ባዝራዋንም አውጣት ይላል?"

"ይላል፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩህም ይላል።"

ተነሳና የቀረውን ጆንያ ተሸክሞ ሄዶ ጉረኖው መሀል ዘረገፈው። በረዶው ሄዶ አዲስ ሣር ብቅ ብሎ ነበር። የተረፉት በጎች ገብሱን አሸተቱና ትተውት ወደ ደጅ ወጡ። እሱ ባዶውን ጆንያ እንደያዘ እዚያው ቆሞ ቀረ። እኔ ካገባሁት ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ በአባታችንም ቀብር እንዲያ አላለቀሰም።

አሥራ አንድ እናቶች ተርፈዋል። ከወለዱት መሀል ብዙዎቹ ወተት አልነበራቸውም፤ ግልገሎቻቸውን አሽትተው ይሄዳሉ። የጎረቤት ላም ወተት በጡጦ አጠጣሁ። ጥቂቶቹ ቆሙልኝ። ጥቁር ግልገል አንድም አልተወለደም።

ሙት ዓመቱን አወጣነው። ባዝራዋ ወፍራ ነበር፣ ትታረድ ተባለች፣ ታረደች። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን ደርድረው ለኩ፤ ከአራት ጣት አልፎ ተገኘ። "አላህ ይቀበላችሁ፣ አባታችሁን አኮራችሁት፣ እንዲህ ያለ ጎድን ከኮልሆዙ ዘመን ወዲህ አላየንም" አሉ። አጠገባቸው የቀረበው የበግ ሥጋ ግን ከጎረቤት የመጣ ነበር። ይህን ያነሳ ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቃል። ስለ እርስዎ ሲጠይቁን "ማሞቂያውን ትቶ ቢመጣ ከተማው ይቀዘቅዛል" አልናቸው። አመኑም አላመኑም፣ በሉ።

በእርስዎ አልተቀየምኩም። ብቀየም ይቀለኝ ነበር፤ ሁላችንም ባዝራዋን ስናበላ አብረን ነበርን፣ ምንጣፌንም ያለበስኳት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን በኅዳር በግልጽ ብጽፈው ኖሮ እላለሁ። ወይፈን የሚለውን በአንድ መስመር ሸፍኜ ከማለፍ ጮክ ብዬ ብለው ኖሮ እላለሁ። እያልኩ አድራለሁ፣ በጎቹ አይመለሱም።

አሥራ አንዱን ከወንድሜ መንጋ ቀላቅዬ በጋውን እኔ እጠብቃቸዋለሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥራ ግን እዚህ የለም። ስለዚህ የምለምንዎት እርስዎ ዘንድ ለወንድምዎ አንድ ሥራ እንዲፈልጉለት ነው፣ ከሰልም ቢሆን፣ ማንኛውም ቢሆን። ይህን ደብዳቤ የያዘልዎት ራሱ ወንድምዎ ነው። ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ በጎቹ አይጠይቁት፣ ራሱ እስኪያነሳው ይተዉት። እንቅልፉ ሳስቷል፤ ቢነሳና ደጅ ቢወጣ አይከተሉት፣ ይመለሳል። ሥጋ አይበላም፤ ሾርባ ይስጡት። እኔ ደህና ነኝ ይበሉት።

ይህን እያነበቡ ሳለ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይሆናል። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶም እርስዎ ሳያዙት ደፉን አያልፍም። ግባ ይበሉት።

የቤቱ ምራት